ከሆስፒታል ወደ መኖሪያ ቤት፦ ታሪካዊ ሕንፃን ስናድን ምኑን ነው የምናድነው?

ወደ ዋናው ጉዳይ ከመግባታችን በፊት ስለ አንዲት ላም ልንገራችሁ። ስሟ ትራቨርስ ኮላንታ ዎከር ይባላል። የተወለደችው በ1916፣ የሞተችው በ1932 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በሕይወት ዘመኗ 200,114 ፓውንድ ወተት ሰጥታለች፤ በእኛ መለኪያ ከ90 ቶን በላይ ማለት ነው። ስትሞት ስሟ የተቀረጸበት የመቃብር ድንጋይ ቆመላት። ድንጋዩን ዛሬም በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት፣ ትራቨርስ ሲቲ በምትባል ከተማ ሄዶ ማየት ይቻላል።

ላሟ የማን ነበረች? የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል! ሆስፒታሉ የራሱ እርሻ፣ የራሱ የከብት በረት፣ የራሱ የፍራፍሬ ቦታ ነበረው፤ ታካሚዎቹም እዚያ ይሠሩ ነበር። ዋናው ሕንፃ «ሕንፃ 50» ይባላል። ከጫፍ እስከ ጫፍ 400 ሜትር ገደማ ይረዝማል። የስታዲየም የሩጫ መም አንድ ዙር ስንት ነው? ልክ ያን ያህል። ዛሬ በዚያ ሕንፃ ውስጥ ሰዎች ቡና አፍልተው ይጠጣሉ፣ ልጆች ያሳድጋሉ፣ መስኮታቸው ላይ አበባ ያስቀምጣሉ። ሆስፒታሉ አፓርታማ ሆኗል።

እኔ የተማርኩት ምህንድስና ነው። እንደዚህ ዓይነት ታሪክ ስሰማ መጀመሪያ የምጠይቀው «እንዴት አደረጉት?» ብዬ ነው። ስለዚህ ሕንፃ ማንበብ ከጀመርኩ በኋላ ግን ሌላ ጥያቄ አልለቅ አለኝ፦ አንድን አሮጌ ሕንፃ «አዳንነው» ስንል በትክክል ምኑን ነው ያዳንነው? እስቲ አብረን እንየው።

ሕንፃው ራሱ መድኃኒት ነበር

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ ብዙ የአእምሮ ሕሙማን የሚውሉትና የሚያድሩት በእስር ቤትና በድሆች መጠለያ ነበር፤ አንዳንዶቹም በሰንሰለት ታስረው። ዶሮቲያ ዲክስ የምትባል መምህርት በ1841 ማሳቹሴትስ ውስጥ አንድ እስር ቤት ገብታ ይህንን በዓይኗ አየች። ከዚያ በኋላ ዝም ማለት አልቻለችም። ከቦታ ቦታ እየዞረች ያየችውን ጻፈች፣ በ1843 ለግዛቲቱ ምክር ቤት አቀረበች፣ ለሌሎች ግዛቶችም እንዲሁ አደረገች። መንግሥታቱ ሆስፒታል እንዲሠሩ ወተወተች።

እሺ፣ ሆስፒታል ይሠራ፤ ግን ምን ዓይነት? እዚህ ላይ የፊላደልፊያው ሐኪም ዶክተር ቶማስ ከርክብራይድ ብቅ ይላሉ። በ1854 ባሳተሙት መጽሐፍ ስለ ሕንፃው ብቻ ሳይሆን ስለ መስኮቱ፣ ስለ ቧንቧው፣ ስለ አየሩ ሳይቀር ዘርዝረው ጻፉ። ሐሳባቸው ባጭሩ ይህ ነው፦ ብርሃን፣ ንጹሕ አየር፣ ጸጥታና ሥራ ለአእምሮ ሕመም መድኃኒት ናቸው፤ ስለዚህ ሕንፃው እነዚህን ለታካሚው እንዲያደርስ ተደርጎ መነደፍ አለበት። በአንድ ሆስፒታል ውስጥም ታካሚዎቹ ከ250 ባይበልጡ ይመረጣል ብለው ነበር። ይህቺን ቁጥር ያዟት፤ በኋላ እንመለስባታለን።

የከርክብራይድ ሕንፃ ከሰማይ ሲታይ ክንፏን ዘርግታ የምትበር ወፍ ይመስላል። መሐል ላይ የአስተዳደር ክፍል አለ። ከዚያ ግራና ቀኝ የታካሚዎች ክንፎች ይዘረጋሉ፤ እያንዳንዱ ክንፍ ከፊተኛው ትንሽ ወደ ኋላ ሸሸት ይላል። ለምን መሰላችሁ? ክንፎቹ በአንድ መስመር ቢደረደሩ ኖሮ በየጫፋቸው ተደፍነው ይቀሩ ነበር። ሸሸት ሲሉ ግን የእያንዳንዱ ኮሪደር ጫፍ ነፃ ሆኖ መስኮት ያገኛል፤ ነፋስ ከአንዱ ጫፍ ገብቶ በሌላው ይወጣል።

ሌላም አለ። እንደዚህ ባሉ ሕንፃዎች ጣሪያ ላይ የሚታዩት ሹል ማማዎች ለጌጥ ብቻ የተሠሩ ይመስላሉ አይደል? ሥራ አላቸው። በእንፋሎት የሞቀ አየር ከምድር ቤት ተነስቶ በግድግዳው ውስጥ በተተወ ቀዳዳ ወደ ክፍሎቹ ይወጣል፤ የተጠቀሙበት አየር ደግሞ ሽቅብ ሄዶ በማማዎቹ በኩል ይወጣል። ሙቅ አየር ከቀዝቃዛው ይቀልላል፣ ስለዚህ ወደ ላይ ይሄዳል። የሣር ጎጆ ውስጥ የምድጃ ጭስ ወደ ጣሪያው ሲያቀና ያያችሁ ሁሉ ይህንን ፊዚክስ ታውቁታላችሁ።

የትራቨርስ ሲቲው ሆስፒታል በ1885 በሩን ሲከፍት ይህንኑ ንድፍ ይዞ ነው። ንድፉን ያወጣው ጎርደን ሎይድ የሚባል የዲትሮይት አርክቴክት ነበር። የመጀመሪያው ኃላፊ ዶክተር ጄምስ ዴከር መንሰን እስከ 1924 ድረስ መሩት። ታካሚዎችን ማሰር ከለከሉ። ውበት በራሱ ይፈውሳል የሚል እምነት ነበራቸውና ግቢውን በልዩ ልዩ ዛፎች ሞሉት። ዛፎቹ ዛሬ ግዙፍ ሆነው ቆመዋል።

ታዲያ ለምን ተዘጋ?

250 ያልናት ቁጥር እዚህ ላይ ትመጣለች። ማሳቹሴትስ ውስጥ ዳንቨርስ የሚባል ሌላ የከርክብራይድ ሆስፒታል በ1878 ተከፍቶ ነበር። የተሠራው ለ500 ያህል ሰው ነው። በ1930ዎቹ መጨረሻ ግን ከ2,000 በላይ ታካሚዎች ነበሩበት። አንድ ቤተሰብ በሚኖርበት ቤት አራት ቤተሰብ እንደማስገባት ቁጠሩት። ብርሃኑና አየሩ እዚያው ነበር፤ ግን ለሰው የሚደርሰው እንክብካቤ ቀጠነ። ለፈውስ የተሠራው ቤት ቀስ በቀስ ማጎሪያ ሆነ። የትራቨርስ ሲቲውም በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ከታሰበለት በላይ ሰው ተጭኖበት ነበር።

ከዚያ በ1950ዎቹ አጋማሽ ለከባድ የአእምሮ ሕመም የሚሰጡ አዳዲስ መድኃኒቶች መጡ። በ1963 ደግሞ ፕሬዚዳንት ጆን ኤፍ ኬኔዲ ሕሙማን በየአካባቢያቸው እንዲታከሙ የሚያግዝ ሕግ ፈረሙ። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ ቃል የተገቡት የአካባቢ ሕክምና ማዕከላት ግን በታሰበው ልክ አልተሠሩም። ትልልቆቹ ሆስፒታሎች አንድ በአንድ ባዶ ሆኑ። ትራቨርስ ሲቲ በ1989 ተዘጋ፣ ዳንቨርስ በ1992።

ታሪክ አንዳንዴ ግጥምጥሞሽ ይወዳል፦ በዚያው በ1963 የሕንፃ 50 መሐለኛው ክፍል ለእሳት አደጋ ያጋልጣል ተብሎ ፈረሰ። ወፏ ክንፎቿ ቀሩ፣ አካሏ ሄደ ማለት ነው።

ሰው የሌለበት ቤት ለምን ይሞታል?

ባዶ ሕንፃን የሚገድለው ዋናው ነገር እርጅና ሳይሆን ውሃ ነው። ሰው ሲኖርበት ጣሪያው አንድ ቦታ ቢያፈስ በማግስቱ ይጠገናል። ሰው ከሌለ ያቺ ጠብታ ዓመት፣ ሁለት ዓመት፣ አሥር ዓመት ትሠራለች። እንጨቱ ይበሰብሳል፣ ወለሉ ይወርዳል፣ ልስኑ ይረግፋል።

ትራቨርስ ሲቲ ደግሞ ክረምቷ ከባድ በረዶ ነው። ውሃ ሲረጋ (በረዶ ሲሆን) መጠኑ 9 በመቶ ያህል ይጨምራል። ጠርሙስ ሙሉ ውሃ ፍሪዘር ውስጥ ረስቶ የሰነጠቀበት ሰው ይህን ያውቃል። በጡብ ቀዳዳዎች ውስጥ የገባ ውሃም ሲረጋ ጡቡን ከውስጥ ይገፋዋል፣ ሲቀልጥ ይለቀዋል፣ እንደገና ሲረጋ ይገፋዋል። በአንድ ክረምት ይህ ደጋግሞ ይከሰታል። የጡቡ ፊት ቅርፊት ቅርፊት እየሆነ ይወድቃል።

እዚህ ላይ ብዙ ጠጋኞች የሚሳሳቱበት ነገር አለ። የጥንት ጡብ በኖራ ነው የሚያያዘው። ኖራ ለስላሳ ነው፣ እርጥበትም ያሳልፋል። አንዱ መጥቶ «ጠንካራ ይሁን» ብሎ መገጣጠሚያውን በሲሚንቶ ሲሞላው እርጥበቱ መውጫ ያጣል፤ በሲሚንቶው ፈንታ በጡቡ በኩል ለመውጣት ይገደዳል። ውጤቱ? የጠገንነው መገጣጠሚያ ይቆማል፣ ጡቡ ይፈርሳል። የአሮጌ ግንብ ጥገና የመጀመሪያው ሕግ ይህ ነው፦ መገጣጠሚያው ከጡቡ ይልቅ ደካማ ይሁን፤ ምክንያቱም መገጣጠሚያ ይታደሳል፣ ጡብ ግን አይመለስም። የጎንደር አብያተ መንግሥትም የተገነቡት በኖራ ስለሆነ ለእነሱም የሚሠራው ይኸው ሕግ ነው።

ስለዚህ «ሕንፃውን ቆልፈን እናቆየው» ማለት ማዳን አይደለም። ቀስ ብሎ ማፍረስ ነው። ሕንፃ እንዲኖር ሰው ያስፈልገዋል፤ ሰው እንዲኖርበት ደግሞ ሕንፃው መለወጥ አለበት። ጭንቁ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ግድግዳ ሳይሆን አጥንት

በከተሞቻችን ሲሠሩ የምታዩአቸው የኮንክሪት ሕንፃዎች ኮለንና ቢም አላቸው። ሸክሙን የሚሸከሙት እነሱ ናቸው፤ በመሐል ያለው ብሎኬት ክፍል ለመክፈል ነው። ስለዚህ የብሎኬቱን ግድግዳ አፍርሰህ ሁለት ክፍል አንድ ብታደርግ (መሐንዲስ ጠይቀህ!) ሕንፃው ላይሰማው ይችላል።

ሕንፃ 50 እንዲህ አይደለም። ጡቡ ራሱ ተሸካሚ ነው። የላይኛው ፎቅ ክብደት በግድግዳው በኩል እስከ መሠረቱ ይወርዳል። አሁን አስቡት፦ የታካሚ ክፍሎቹ ጠባብ ናቸው፤ ለአንድ አልጋና ለአንድ ሰው የተሠሩ። ቤተሰብ የሚኖርበት አፓርታማ ለማውጣት ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው በሮች እየከፈቱ ብዙ ትንንሽ ክፍሎችን ማገናኘት ያስፈልጋል። ተሸካሚ ግድግዳ ላይ በር መክፈት ማለት ግን አጥንት መቁረጥ ነው።

እንዲህ ዓይነት ቀዶ ጥገና እንዴት ይሠራል? በመጀመሪያ ግድግዳው ከሚከፈትበት ቦታ በላይ ጠንካራ ተሸካሚ ወጋግራዎች በግድግዳው ውስጥ አግድም ይተላለፋሉ፤ በሁለቱም በኩል በፑንቴሎ ይደገፋሉ። ሸክሙ ለጊዜው ወደ እነሱ ይዛወራል። ከዚያ ጡቡ በጥንቃቄ ይቆረጣል። ከበሩ በላይ ሊንተል ይጋደማል፤ ሊንተሉ ከላይ የሚመጣውን ክብደት ተቀብሎ በበሩ ግራና ቀኝ ላለው ግድግዳ ያካፍላል። ሸክሙ አልጠፋም፤ መንገድ ብቻ ቀየረ። በመጨረሻ ፑንቴሎው ይነሳል፣ ሁሉም ትንፋሹን ይይዛል፣ ግድግዳው ይቆማል።

እንግዲህ በጣም የሚገርመኝን ነገር ልንገራችሁ። ብዙ ከተሞች ዛሬ ባዶ የቀሩ ቢሮዎችን ወደ መኖሪያ ቤት ለመቀየር ይሞክራሉ፤ ትልቁ እንቅፋት ብርሃን ነው። አርክቴክቶች የሚጠቀሙበት ቀላል ስሌት አለ፦ የቀን ብርሃን ወደ ክፍል ውስጥ በደንብ የሚደርሰው ከወለል እስከ መስኮቱ የላይኛው ጫፍ ያለውን ቁመት ከሁለት እስከ ሁለት ተኩል ጊዜ እጥፍ ያህል ነው። የመስኮታችሁ ጫፍ 2 ሜትር ከፍታ ላይ ከሆነ ብርሃኑ ከ4 እስከ 5 ሜትር ይደርሳል። ሜትር ካላችሁ ዛሬውኑ ክፍላችሁን ለኩት! ዘመናዊ ቢሮ በጣም ወፍራም ስለሆነ መሐሉ ጨለማ ነው። የከርክብራይድ ሕንፃ ግን ክንፎቹ ቀጭን፣ መስኮቶቹ ረጃጅም ናቸው፤ ሁሉም ክፍል ከውጭው ጋር ይገናኛል። ከመቶ ሰላሳ ከሚበልጡ ዓመታት በፊት ለታማሚ አእምሮ ተብሎ የተቆጠበው ብርሃን ዛሬ ለነዋሪው ደረሰ።

ሕንፃ 50ን ያደሱት ሰዎች በ2000ዎቹ መጀመሪያ ሥራ ሲጀምሩ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አልነኩትም፤ ክፍል በክፍል ሄዱ። ላይ አፓርታማዎች፣ ምድር ቤቱ ውስጥ ሱቆችና ምግብ ቤቶች ሆኑ። ሰፋፊዎቹ ኮሪደሮች አልተዘጉም። ነጋዴ ቢሆን ኮሪደሩን አጥብቦ ለሽያጭ የሚሆን ወለል ባተረፈ ነበር ትላላችሁ፤ ግን የአሜሪካ ሕግ አንድ ማባበያ አለው። በይፋ የተመዘገበ፣ ገቢ የሚያስገኝ ታሪካዊ ሕንፃን በደረጃው መሠረት ያደሰ ሰው ከማደሻ ወጪው 20 በመቶ ያህሉ ከፌዴራል ግብሩ ይቀነስለታል። «በደረጃው መሠረት» የምትለዋ ሐረግ ናት ቁልፏ፦ የሕንፃውን መለያ ባሕርይ ካጠፋህ ቅናሹ የለም። ታሪክን መጠበቅ የልብ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የሒሳብም ጉዳይ እንዲሆን አደረጉት።

ሦስት ሕንፃዎች፣ ሦስት መልሶች

ሁሉም ቦታ እንዲህ አልሆነም። ሁለት ሌሎች ሕንፃዎችን አስተያዩ።

የመጀመሪያው ኒው ዮርክ ውስጥ፣ ዛሬ ሩዝቬልት በሚባለው ደሴት ላይ ያለው ኦክታጎን ነው። በ1839 የተከፈተ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል መግቢያ ሲሆን፣ ስሙ እንደሚለው ባለ ስምንት ማዕዘን ግንብ ነው። በ1887 ኔሊ ብላይ የተባለች የ23 ዓመት ጋዜጠኛ እብድ መስላ እዚያ ገብታ አሥር ቀን ቆየች። ብርዱን፣ የተበላሸውን ምግብ፣ ድብደባውን አየች። ስትወጣ ጻፈችው፤ ከተማዋም ነገሩን መርምራ በጀት ለመጨመር ተገደደች። ሆስፒታሉ በኋላ ከዚያ ተነሣ፣ ክንፎቹ ፈረሱ፣ ግንቡ ብቻውን ቆሞ ሁለት ጊዜ እሳት በላው። በ2006 ግንቡ ታድሶ፣ ጉልላቱና ጠምዛዛው ደረጃ እንደገና ተሠርቶ፣ ክንፎቹ በነበሩበት ቦታ 500 ያህል አፓርታማዎች ያሏቸው አዳዲስ ሕንፃዎች ተጨመሩለት። ዛሬ የመኖሪያ ቤቱ መግቢያ ያ ግንብ ነው። እዚህ የተረፈው ልቡ ነው፤ እጅና እግሩ አዲስ ነው።

ሁለተኛው ቀደም ብለን ያነሳነው ዳንቨርስ ነው። የአካባቢው ሰዎች እንዳይፈርስ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዱ፤ አልሆነላቸውም። በ2006 አብዛኛው ፈረሰ። የቀረው የመሐለኛው ክፍልና በአጠገቡ ያሉ ክንፎች የውጭ ጡብ ብቻ ነው፤ ውስጡ ሙሉ በሙሉ ወጥቶ አዲስ አፓርታማ ገባበት። በ2007 ደግሞ በግንባታ ላይ የነበሩ አዳዲስ ሕንፃዎች በእሳት ተቃጠሉ። ከፊት ለፊት ቆሞ ፎቶ ላነሳው ሰው ዳንቨርስ ዛሬም ዳንቨርስ ነው። በሩን ከፍቶ ለገባ ግን ሌላ ቤት ነው።

ትራቨርስ ሲቲ አጥንቱንም ቆዳውንም አስቀረ፣ ኒው ዮርክ ልቡን፣ ዳንቨርስ ፊቱን። «የፊት ለፊቱ ብቻ ከቀረ ምን ዋጋ አለው?» የሚል አለ፤ «ምንም ከሚጠፋ ይሻላል» የሚልም አለ። እኔ በምህንድስና ዓይን ካየሁት የመጀመሪያው ይበልጥብኛል። ሕንፃ 50ን ያደሱት ሰዎች በቅድሚያ ሕንፃው ለምን እንደዚያ እንደተሠራ ተረዱ፤ ከዚያ ከንድፉ ጋር እንጂ ንድፉን ተቃርነው አልሠሩም። ሌላም ነገር አለ፦ ሆስፒታሉ የሕዝብ ንብረት ነበር፤ አፓርታማ ሲሆን የገዛው ሰው ሆነ። ይህ እውነተኛ ጉዳት ነው። ትራቨርስ ሲቲ ውስጥ ግን የከብት በረቶቹና በዙሪያቸው ያለው መሬት የሕዝብ መናፈሻ ሆነው ቀርተዋል። ቤቱን መግዛት ያልቻለም ከዛፎቹ ሥር መቀመጥ ይችላል።

ድንጋዩና ስሙ

ጽሑፌን እዚህ ላቆም ነበር። ዳንቨርስ ውስጥ ግን ከሕንፃው ሌላ አንድ ነገር አለ፦ የታካሚዎች መቃብር። እዚያ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተቀብረዋል። ለብዙዎቹ የቆመላቸው ትንሽ ምልክት ነው፤ ምልክቱ ላይ የተጻፈው ደግሞ ቁጥር ብቻ። ስም የለም።

አሁን ላሟን አስታውሱ። ኮላንታ ስም አላት፣ ድንጋይ አላት።

በ1990ዎቹ መጨረሻ ግን ራሳቸው በአእምሮ ሕክምና ተቋማት ያለፉ ሰዎች ተነሡ። በቁጥቋጦ የተዋጠውን መቃብር አጸዱ። ከመዝገብ ጋር እያመሳከሩ ቁጥሮቹን ወደ ስም መለሱ። ዛሬ ከቁጥሮቹ ጋር ስሞችም ይነበባሉ። ሊንተል አልጋደሙም፣ ፑንቴሎ አልተከሉም፤ ግን እኔ እስከማውቀው ድረስ በዚያ ግቢ ከተሠራው የማዳን ሥራ ሁሉ ትልቁ ይህ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ላይ ላነሳሁት ጥያቄ ያገኘሁት መልስ ይህ ነው። ጡብ ይታደሳል፣ ጣሪያ ይቀየራል፣ ግድግዳ በጥንቃቄ ይከፈታል፤ ይህንን ምህንድስና ይችላል። ሕንፃው ለምን እንደተሠራና በውስጡ ማን እንደኖረ መመዝገብ ግን የሌላ ሰው ሥራ ነው፤ ካልተሠራ የተረፈው ጡብ ማንንም አያስታውስም።

እናንተስ? በሰፈራችሁ አንድ አሮጌ ትምህርት ቤት፣ ሆስፒታል ወይም መሥሪያ ቤት ይኖራል። በሚቀጥለው ጊዜ ስታልፉ ቆም በሉና እዩት፦ መስኮቶቹ ወዴት ይመለከታሉ? ግድግዳው ስንት ስንዝር ይወፍራል? ዝናብ የሚገባው በየት በኩል ነው? ከዚያ በአካባቢው ያሉ አንድ አዛውንት ፈልጉና ሌላውን ጠይቁ፦ እዚህ ቤት ውስጥ እነማን ነበሩ? ስማቸውንም ጻፉት።